ሜሪ አኒንግ፦ ስሟ ያልተጻፈላት ቅሪተ አካል ፈላጊ

(የሕይወት ታሪክ አምድ)

  በዚህ አምድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚቀርበው የነገሥታት፣ የአርበኞችና የሯጮች ታሪክ ነው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን የአንዲት ድንጋይ ለቃሚ ልጅ ታሪክ ነው። ስሟ ሜሪ አኒንግ ይባላል። ከሞተች ከ170 ዓመት በላይ ሆኗታል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ፤ መጨረሻ ላይ የማርመው አንድ የራሴ ስህተት አለ።

በመጀመሪያ እንዴት እንደተዋወቅኋት ልንገራችሁ። የክፍሌ ልጆች እንደምታውቁት የኔ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ዳይኖሰር ነው። አባዬ ሸማኔ ነው። የሠራውን ነጠላ ለነጋዴ ሊያስረክብ ወደ ሽሮ ሜዳ ገበያ ሲወርድ እከተለዋለሁ። እዚያ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፈው አሮጌ መጫወቻ የሚሸጡ ልጆች አሉ። አባዬ ሂሳቡን ተቀብሎ ደስ ካለው አንድ ዳይኖሰር ይገዛልኛል። አሁን ሰባት ደርሰውልኛል። ትሪሴራቶፕሱ አንድ ቀንዱ ተሰብሯል፣ ቲራኖሳውረሱ ደግሞ ጭራው ስለተቆረጠ ካልደገፉት አይቆምም። ግን እወዳቸዋለሁ። እማዬ ቤቱን አውሬ ሞላው እያለች ብትቆጣም ስትጠርግ አንስታ መስኮቱ ላይ በሰልፍ የምትደረድራቸው እሷው ናት።

ከሰባቱ አንዱ ግን ግራ አጋባኝ። እግር የለውም! በእግር ፈንታ እንደ ጀልባ መቅዘፊያ ያሉ አራት ክንፎች አሉት፤ አንገቱም በጣም ረጅም ነው። ትንሹ ወንድሜ ዳክዬ ነው ብሎ ሳቀብኝ። አንድ ቅዳሜ ከአክስቴ ልጅ ጋር አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ስንሄድ ስለ ጥንት እንስሳት የተጻፈ ባለ ሥዕል መጽሐፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛው ከብዶኝ ነበር፤ የማላውቀውን ቃል ደብተሬ ላይ እየጻፍኩ ቤት ወስጄ በመዝገበ ቃላት ፈታሁት። የኔ ዳክዬ ለካ ፕሌሲዮሳውር ነው! ዳይኖሰርም አይደለም፤ በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ ሌላ ተሳቢ እንስሳ ነው። ሙሉ አጥንቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘችው ደግሞ ሴት ናት። የዚያን ቀን ነው ከሜሪ ጋር የተዋወቅነው። ከዚያ በኋላ በአጎቴ ስልክም ብዙ አነበብኩ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሜሪ አኒንግ የተወለደችው ሜይ 21 ቀን 1799 ነው። የትውልድ ከተማዋ ላይም ሪጂስ ትባላለች፤ በደቡብ እንግሊዝ ባሕር ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አባቷ ሪቻርድ አናጢ ነበር። ወላጆቿ ወደ አሥር የሚጠጉ ልጆች ወልደው ያደጉላቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ እሷና ታላቅ ወንድሟ ጆሴፍ። ከሷ በፊት ሜሪ የምትባል እህት ነበረቻት። ያቺ ልጅ ገና በአራት ዓመቷ እሳት ልብሷን ይዞት ሞተች። የኛዋ ሜሪ ስሟን ያገኘችው ከሟች እህቷ ነው።

ገና የ15 ወር ሕፃን ሳለች ደግሞ አንዲት ጎረቤት አቅፋት የፈረስ ትርኢት ልታይ ወጣች። ዝናብ ሲመጣ ዛፍ ሥር ተጠለሉ። መብረቅ ዛፉ ላይ ወደቀ። ጎረቤቷና ሌሎች ሁለት ሴቶች ወዲያው ሞቱ፤ ሕፃኗ ግን ተረፈች። የከተማው ሰው ልጅቷ ንቁ የሆነችው መብረቁ ስለነካት ነው እያለ ያወራ ነበር። እኔ አይመስለኝም። ታሪኳን እስከ መጨረሻ ስታነቡ እናንተም ከመብረቁ ይልቅ ሥራዋ ነው የምትሉ ይመስለኛል።

አባቷ ከአናጢነቱ ጎን ለጎን ልጆቹን ይዞ ባሕሩ ዳር ካለው ገደል ሥር ቅሪተ አካል ይለቅም ነበር። ቅሪተ አካል ማለት በጣም ጥንት የሞተ እንስሳ ወይም ተክል በጭቃ ተቀብሮ ቆይቶ ድንጋይ ሲሆን ነው። የለቀሙትን ቤታቸው ደጃፍ ጠረጴዛ ላይ ደርድረው ለመዝናናት ለሚመጡ እንግዶች ይሸጡ ነበር። እስቲ አስቡት፤ ልክ እንደኛ ሽሮ ሜዳ ቱሪስት ሲመጣ ነጠላና ቀሚስ እንደሚዘረጋው ማለት ነው። የነሱ ሸቀጥ ግን እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ ድንጋይ ነው። አሞናይት ይባላል።

እዚያ ገደል ላይ የባሕር እንስሳ አጥንት የበዛው ድንጋዩ የዛሬ 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የባሕር ወለል ስለነበረ ነው። ይህን ስሰማ በጣም ገርሞኝ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም በኛ አገርም እንደዚሁ እንደነበረ አስረዱኝ። የአባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰሮች ዘመን የባሕር ወለል ነበር፤ ውስጡ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ይገኛሉ። ሙገር ሲሚንቶ የሚሠራበት ድንጋይም ያው ነው። እንግዲህ የቤታችን ግድግዳ ላይ የተለሰነው ሲሚንቶ የጥንት ባሕር ሊሆን ይችላል ማለት ነው! ከዚህም በላይ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን በጀማ ወንዝ ሸለቆ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዳይኖሰር ጥርሶች ተገኝተዋል። ብዙ ልጆች ድንቅነሽና ዳይኖሰር አብረው የኖሩ ይመስላቸዋል። አይደለም። ከሽሮ ሜዳ ታክሲ ይዛችሁ አምስት ኪሎ ብትወርዱ ብሔራዊ ሙዚየም ስለ ድንቅነሽ ታያላችሁ፤ እሷ የኖረችው የዛሬ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ዳይኖሰሮች ደግሞ ከጠፉ 66 ሚሊዮን ዓመት ሆኗቸዋል።

ወደ ሜሪ ልመለስ። ቅሪተ አካል የሚለቀመው ብርዱና ዝናቡ በሚበረታበት ወራት ነበር። ለምን ቢባል ዝናብ ገደሉን ሲንደው አዲስ አጥንት ብቅ ይላል። ቶሎ ካላነሱት ግን የባሕሩ ማዕበል ይወስደዋል። ስለዚህ ሥራው በጣም አደገኛ ነው። አንድ ቀን አባቷ ከገደል ወድቆ ተጎዳ፤ የሳንባ ነቀርሳም ነበረበት። በ1810 በ44 ዓመቱ ሞተ። ለቤተሰቡ የተወው 120 ፓውንድ ዕዳ ብቻ ነበር። እናቷ ከቤተ ክርስቲያኑ ደብር የድሆች ርዳታ እየተቀበለች ልጆቿን ማሳደግ ጀመረች። ሜሪ ያኔ 11 ዓመቷ ነበር። ትምህርቷም ያን ያህል አልነበረም፤ ማንበብና መጻፍ የተማረችው በሰንበት ትምህርት ቤት ነው።

በ1811 ወንድሟ ጆሴፍ ገደሉ ውስጥ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ራስ ቅል አገኘ። ሰዎች አዞ መሰላቸው። የቀረው አካሉ ግን አልታየም። ጆሴፍ ሥራ መማር ስለጀመረ ፍለጋውን ሜሪ ቀጠለች። በዓመቱ የቀረውን አጥንት አገኘችው! ሠራተኞች ቆፍረው ሲያወጡት ርዝመቱ 5 ሜትር ገደማ ሆነ። አንድ የአካባቢው ባለርስት በ23 ፓውንድ ገዛቸው፤ በኋላም ለንደን ሄዶ በሙዚየም ለሕዝብ ታየ። አዞ አልነበረም፤ ኢክቲዮሳውር የሚባል የባሕር ተሳቢ ነበር። ትርጉሙ ዓሣ እንሽላሊት ማለት ነው። ልብ በሉ፤ ሜሪ ያኔ ገና 12 ወይም 13 ዓመቷ ነው። የኛ እኩያ ማለት ነው!

ገንዘቡ ግን ብዙም አልቆየም። በ1820 ለቤት ኪራይ ሲሉ የቤት ዕቃቸውን እስከ መሸጥ ደርሰው ነበር። ያን ጊዜ ቶማስ በርች የሚባል ደንበኛቸው አዘነላቸው። ከነሱ የገዛቸውን ቅሪተ አካሎች በጨረታ ሸጦ ወደ 400 ፓውንድ የሚሆነውን ገንዘብ ለቤተሰቡ ሰጠ። እኔ ታሪኩን ሳነብ እዚህ ቦታ ላይ ስደርስ እፎይ ብያለሁ።

አሁን ወደ ዳክዬዬ ደረስን። በ1823 መጨረሻ ላይ ሜሪ አራት መቅዘፊያ ያለው፣ አንገቱ እጅግ የረዘመ ሙሉ አጥንት ቆፍራ አወጣች። ፕሌሲዮሳውር ማለት እሱ ነው። በዘመኑ በዓለም የታወቀው የፈረንሳይ ሳይንቲስት ዦርዥ ኩቪዬ ሥዕሉን ሲያይ ተጠራጠረ። አንገቱ ከ30 በላይ አጥንቶች አሉት፤ ቀጭኔ እንኳን እንደኛ እንደ ሰዎች ሰባት ብቻ ነው ያላት። ስለዚህ የሁለት እንስሳ አጥንት ተገጣጥሞ የተሠራ መሰለው። አያችሁ፤ ይህ ጥርጣሬ እውነት ቢሆን ኖሮ የሜሪ እንጀራ ያበቃ ነበር። ከአጭበርባሪ ማን ይገዛል?

በ1824 ለንደን ውስጥ የጂኦሎጂ ማኅበር ስብሰባ ተደረገ። ዊሊያም ኮኒቤር የሚባል ሊቅ ስለ ፕሌሲዮሳውሩ ንግግር አቀረበ። አጥንቱ እውነተኛ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ኩቪዬም መሳሳቱን አመነ።  ግን ኮኒቤር በንግግሩ ውስጥ የሜሪን ስም አንድ ጊዜ እንኳን አልጠራም። በብርድ ከገደል ሥር ቆማ ያወጣችው፣ አጥንቱን አንድ በአንድ ያጸዳችውና የሳለችው እሷ ናት። እሷ ግን ስብሰባው ላይ አልነበረችም። ማኅበሩ በዚያ ዘመን ሴት አባል አይቀበልም፤ ሴቶች በሙሉ አባልነት የገቡት በ1919 ነው። እኔ ይህን ገጽ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በኮኒቤር በጣም ተናደድኩ።

ሜሪ ግን ሥራዋን አላቆመችም። መጽሐፍ መግዣ ስላልነበራት የሳይንቲስቶችን ጽሑፍ እየተዋሰች ሥዕሉን ሳይቀር በእጇ ትገለብጥ ነበር፤ ልክ እኛ ይህን መጽሔት በእጅ እንደምንጽፈው። የጥንቱን እንስሳ አካል ለመረዳት የዘመኗን ዓሣ እየቀደደች ታጠና ነበር። ደግሞ እንዳትስቁ፤ ኢክቲዮሳውሮቹ ሆድ አካባቢ ድቡልቡል ድንጋዮች እንዳሉና ሲሰበሩ ውስጣቸው የዓሣ አጥንትና ቅርፊት እንደሚገኝ ያስተዋለችው እሷ ናት። ዊሊያም በክላንድ የሚባለው ሊቅ ይህን ተመልክቶ ድንጋዮቹ የእንስሳቱ ኩስ መሆናቸውን አስታወቀ። በኩስ ምክንያት እንስሳቱ ምን ይበሉ እንደነበር ታወቀ ማለት ነው!

በ1826 በ27 ዓመቷ የመስታወት መስኮት ያለው የራሷን ሱቅ ገዛች። በ1828 በሰማይ ይበር የነበረ ቴሮሳውር አገኘች፤ ከጀርመን ውጭ እንዲህ ያለ አጥንት ሲገኝ የመጀመሪያው ነበር። በ1830 ሄንሪ ደ ላ ቤሽ የተባለ ጓደኛዋ እሷ ያገኘቻቸው እንስሳት በሕይወት ሳሉ ምን ይመስሉ እንደነበር የሚያሳይ ሥዕል ሠራ፤ ቅጂው እየተሸጠ ገንዘቡ ለሷ ተሰጠ። ዛሬ በመጽሐፍና በፊልም የምናያቸው የጥንት እንስሳት ሥዕሎች እንዲህ ካለው ሥዕል ነው የጀመሩት። ዳይኖሰር የሚለው ቃል ራሱ የወጣው ከዚያ በኋላ በ1842 ነው። በ1844 ደግሞ የሳክሶኒ ንጉሥ ሱቋ ድረስ መጥቶ ኢክቲዮሳውር ገዛ።

መከራም አልቀረላትም። ትሬይ የሚባል ውሻ ነበራት፤ ፍለጋ ስትወጣ አብሯት ነው የሚወጣው። በ1833 ናዳ ከገደሉ ወርዶ እሷን ለጥቂት ስቶ ትሬይን ገደለባት። ከዚያ ያጠራቀመችውን ገንዘብ አጣች። ያኔ በክላንድ ተሯሩጦ በዓመት 25 ፓውንድ ጡረታ እንድታገኝ አደረገ። ሜሪ አኒንግ ማርች 9 ቀን 1847 በጡት ካንሰር በ47 ዓመቷ ሞተች። አላገባችም፣ ልጅም የላትም። ያ ሴት የማይቀበለው ማኅበር ግን ከሞተች በኋላ በስብሰባው ላይ አሰባት፤ ለቤተ ክርስቲያኗም መታሰቢያ የሚሆን ባለ ቀለም መስኮት አሠራ።

እንግዲህ ታሪኩ ይህ ነው። አሁን እርማቴን ላቅርብ።

ባለፈው የወላጆች ቀን በሳይንስ ኤግዚቢሽኑ ላይ ከሸክላ የተሠራ ፕሌሲዮሳውር አይታችኋል። ሥሩ ካርቶን ላይ የተጻፈው የኔ ስም ብቻ ነበር። በማግስቱ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ስሜ ተጠርቶ ደብተርና እስክርቢቶ ተሸለምኩ። እናንተም አጨበጨባችሁልኝ። እውነቱ ግን ይህ ነው። ሐሳቡ የኔ ነው፤ የሠራችው አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ ናት። እናቷ ቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ናቸው። እኔ ስሞክር አንገቱ በረዘመ ቁጥር ይሰነጠቅብኝ ነበር። እሷ ግን የተፈጨ ገል ከጭቃው ጋር አቡክታ፣ በእርጥብ ጨርቅ እየሸፈነች ቀስ በቀስ አደረቀችው። እናቷ ከጀበናና ከድስት ጋር አብረው ተኮሱልን። ካርቶኑን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሰዎች ማን ሠራው ብለው ሲጠይቁኝም እኔ አልኳቸው። እሷ ሰልፍ ላይ ቆማ አጨበጨበችልኝ። ምንም አላለችኝም።

ኮኒቤር ላይ የተናደድኩት እኔው መሆኔን እዩልኝ! ያኔ አልታየኝም ነበር። የታየኝ ከሁለት ሳምንት በኋላ ከአባዬ ጋር ገበያ ስንወርድ ነው። አንዲት ሴት ሱቅ ውስጥ ነጠላ አንስተው ጥለቱን እያደነቁ ማን እንደሠራው ጠየቁ። ባለ ሱቁ የራሳችን ሥራ ነው አላቸው። ጥለቱን ግን አውቀዋለሁ፤ አባዬ አራት ቀን ሙሉ ማታ ማታ አምፖል ሥር ሲሠራው ክሩን ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አባዬ በሩ ላይ ቆሞ ዝም አለ። በጣም ተናደድኩ። እቤት ስንሄድ ለምን ዝም እንዳለ ስጠይቀው ለምጄዋለሁ አለኝ። ያን ጊዜ ሰልፍ ላይ የምታጨበጭበው ጓደኛዬ ፊት መጣብኝ። ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኋት። ደብተሮቹን ይዤላት ሄጄ ነበር፤ ግማሹን ብቻ ወሰደች። እኔ ግን ይቅርታ የጠየቅኳት በጆሮዋ ነው፤ ስሟን የወሰድኩት በሰው ፊት ነው። ስለዚህ በሰው ፊት መመለስ አለብኝ ብዬ ይህን ጽፌያለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ልጨርስ። በ2022 ላይም ሪጂስ ውስጥ የሜሪ አኒንግ ሐውልት ቆመ። መዶሻዋን ይዛ ትራመዳለች፤ ትሬይም አብሯት አለ። ሐውልቱ ይሠራ ብሎ የጀመረው መንግሥት አይደለም፣ ሳይንቲስትም አይደለም። የዚያው አካባቢ ነዋሪ የሆነች ልጅ ናት፤ ቅሪተ አካል መልቀም ትወድ ነበርና ለምን ሐውልት የላትም ብላ ከእናቷ ጋር ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች። ስለዚህ ልጅ ብንሆንም የተረሳ ስም መመለስ እንችላለን።

እኔ ሐውልት ማሠራት አልችልም። ግን ከዚህ ጽሑፍ ጎን ያለውን የፕሌሲዮሳውር ሥዕል አያችሁት? እሱንም የሣለችው ጓደኛዬ ናት። ስሟን እኔ አልጻፍኩትም። ከሥዕሉ ሥር ባዶ ቦታ ትቼላታለሁ፤ ራሷ በእጇ ጽፋዋለች። እባካችሁ መጀመሪያ እሱን አንብቡ።

 

ከ7ኛ ክፍል፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል
ሽሮ ሜዳ